ስንት ሴት ተቀጠረች? ምንስ ቀረላት?

አረካ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ዙሪያዋን የእንሰት ጓሮ የከበባት ከተማ ናት። በከተማዋና በአካባቢዋ ባሉት የቦሎሶ ሶሬ ወረዳ ቀበሌዎች ሥራ የማትሠራ ሴት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። እንሰት የምትፍቀው፣ ወተት ንጣ ቅቤ የምታወጣው፣ ዝንጅብል አጥባ የምታሰጣው፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ደርድራ የምትውለው፣ ቦርዴ የምትጠምቀው፣ በግንባታ ቦታ አሸዋና ድንጋይ የምታመላልሰው፣ በጽሕፈት ቤት መዝገብ የምትይዘው ሴት ናት። ይሁን እንጂ ስለ ሴቶች ሥራ ስብሰባ ሲጠራ ውይይቱ የሚጀመረው ሴቶች ሥራ ፈት እንደሆኑና «ወደ ሥራ መግባት» እንዳለባቸው ታስቦ ነው፤ ሪፖርቱም ለዚህን ያህል ሴቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ በሚል ቁጥር ይዘጋል። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። የሚመልሰው ጥያቄ ግን ትክክለኛው ጥያቄ አይደለም። ከእንሰት ጓሮ እስከ ልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ከጤና ኬላ እስከ ዓረብ አገር ቤት ድረስ የሴቶችን ሥራ ዘርፍ በዘርፍ ብንመለከት፣ አንዱን ሥራ ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር የሥራው ዘመናዊነት ሆኖ አናገኘውም። የሚለየው ከሥራው በኋላ በሴቷ እጅ የሚቀረው ገንዘብ ነው፤ የምትሠራበት መሣሪያና መሬት በማን ስም እንደተያዘም ነው።

እንሰት የዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ይገመታል። አረካ ደግሞ ለዚህ ተክል የተለየች ቦታ ናት፤ የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከልዩ ልዩ አካባቢ የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን በማሳው ጠብቆ ያኖራል። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ተቀቅሎ ለሚበላው ሥር ለአሚቾ፣ የትኛው ለቡላ እንደሚሻል ለይተው የሚያውቁት ግን ከማንም በላይ በየጓሮው ያሉት ሴቶች ናቸው። ወንዱ ችግኙን ይተክላል፣ እየነቀለ ያዛውራል። እንሰቱ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ሲደርስ ሥራው ወደ ሴቷ ይዞራል። ግንዱን ገንጥላ ልባሱን በዘመመ ሳንቃ ላይ ታጋድማለች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ በእግሯ ወጥራ እየያዘች በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቃለች። ቃጫው በአንድ ወገን፣ ሥጋው በሌላ ወገን ይለያል። ሥሩን ጥርስ ባለው መሣሪያ ትከታክታለች፤ ከጭማቂው ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ የቀረው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ፣ እየተገላበጠና እየታሸ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። ወገብና ጉልበት የሚሰብር ሥራ ነው፤ ሴቶች በደቦ ተጠራርተው የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ለሴቷ የሚተርፍላት ትልቅ ነገር ቢኖር ቆጮው የእሷ መሆኑ ነው። ምን ያህሉ ለቤት እንደሚቀር፣ ምን ያህሉ ገበያ እንደሚወጣ በአብዛኛው የምትወስነው እሷ ናት፤ የሽያጩን ገንዘብ የምትቋጥረውም እሷ ናት። በብዙ የእንሰት አካባቢዎች ወንድ ወደ መፋቂያው ቦታ መጠጋቱ እንደ ነውር ይቆጠራል። ልማዱ ሸክሙን በሙሉ በሴቷ ጫንቃ ላይ ይጥላል፤ በዚያው መጠን ግን ምርቱን ከሌላ ሰው እጅ ይከልልላታል። ሁለቱን አንድ ላይ ካላየን የሴቶችን ሥራ አንረዳውም።

ይህ ሥራ በአገር ሒሳብ ውስጥ የት ይገባል? እ.ኤ.አ. በ2013 በጄኔቫ የተሰበሰቡ የዓለም የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች አዲስ መለኪያ አወጡ። በመለኪያው መሠረት ተቀጥሮ ወይም ሥራ ላይ ነው የሚባለው ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራ ሰው ነው፤ ለቤተሰብ ፍጆታ ብቻ የሚያመርት ሰው ሥራ መሥራቱ ቢታመንም በሌላ መዝገብ ይቆጠራል። ውሳኔው በራሱ መጥፎ አልነበረም። ውኃ መቅዳት፣ ማብሰል፣ ልጅና በሽተኛ መንከባከብ ሁሉ ሥራ መሆኑን በግልጽ ያጸደቀው እሱ ነው። ዳፋው ግን የእንሰት አገር ሴት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ሁለት ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት እንሰት በአንድ ዓይነት ቀርከሃ እየፋቁ፣ ቆጮዋን በአብዛኛው ለገበያ የምታወጣው ሥራ ያላት ስትሆን፣ ለልጆቿ የምታኖረው ከዚያ መዝገብ ትወጣለች። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የሠራተኛ ኃይል ጥናት የሴቶች የሥራ አጥነት ምጣኔ ከወንዶቹ በእጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ቁጥሩ የሚያሳዝንና የሚጠቅም ቁጥር ነው፤ ሥራ እየፈለጉ ያጡትን ይነግረናል። ከማለዳ እስከ ማታ ስለሚሠሩትና ገንዘቡን ስለማያዩት ግን ዝም ይላል። ይህን ቁጥር ብቻ የያዘ ባለሥልጣን መፍትሔው ብዙ ቅጥር መፍጠር ብቻ ይመስለዋል።

ሥራው የሴት ሆኖ ገንዘቡ የሌላ ሰው የሚሆንበት መንገድ በዓይናችን ፊት ያለፈ ነው። እህል መፍጨት በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት የሴት ሥራ ነበር፤ እናቶቻችን በወፍጮ ድንጋይ ላይ ተደፍተው አንግተዋል። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ያ ስቃይ ቀረ፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ የሚመኝ ጤነኛ ሰው የለም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ግን በአብዛኛው ወንድ ሆነ። ሴቷ ትናንት በጉልበቷ የምትሠራውን ዛሬ ገንዘብ ከፍላ ታስፈጫለች፤ ከዚያ ኢንዱስትሪ የሚገኘው ትርፍ ወደ እሷ አልመጣም። በምዕራብ አፍሪካም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በናይጄሪያ ካሳቫ ልጦ፣ ፍቆና ቆልቶ ጋሪ የተባለውን ምግብ ማዘጋጀት የሴቶች ሙያ ነው። የመፋቂያው ሞተር ሲገባ ሞተሩን የገዙትና የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው ወንዶች ሆኑ፤ መላጡና በእሳት ላይ ቆሞ መቁላቱ፣ ማለትም ከሥራው ሁሉ የሚያደክመውና ጭስ ያለበት ክፍል፣ ለሴቶቹ ቀረ። ዴንማርካዊቷ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ኤስተር ቦዝራፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አካሄድ በብዙ አገሮች አሳይተው ነበር፦ አዲስ መሣሪያና ገንዘብ ያለው ምርት ሲመጣ ሥልጠናውም ብድሩም ወደ ወንዱ ይሄዳል፤ የሴቷ ሥራ አይቀንስም፣ ድርሻዋ ግን ያንሳል።

ይህ ለአረካ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። የእንሰት መፋቂያ፣ መከትከቻና መጭመቂያ መሣሪያ ለመሥራት የምርምርና የገጠር ቴክኖሎጂ ተቋማት ሲደክሙ ቆይተዋል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመሣሪያዎቹ ጋር ቆጮው ያለ ጉድጓድ፣ በዕቃ ውስጥ በአጭር ጊዜ የሚብላላበትን ዘዴ ይዘው መጥተዋል። ሥራው ሊመሰገን ይገባዋል። መሬት ላይ ተቀምጦ መፋቅን እንደ ባህል ቅርስ ማወደስ ጭካኔ ነው፤ የሴት ወገብ ሙዚየም አይደለም። ይሁንና ማሽኑ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ማን ይገዛዋል? ብድር የሚያገኘው መያዣ ያለው ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ከቀርከሃ መፋቂያ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ማንም ሳያስብበት ቢተው የወፍጮው ታሪክ ይደገማል። የእንሰት መፋቂያ ቤት ይከፈታል፣ ሴቷ እንሰቷን ተሸክማ ትሄዳለች፣ በኪሎ ትከፍላለች። ይባስ ብሎ ነውሩ የነበረው በእጅ ሥራው ላይ ስለሆነ፣ ማሽኑ ሲመጣ ነውሩ ይቀርና ቆጮ የወንድ ንግድ ይሆናል። በሪፖርት ላይ «ለወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ይባላል፤ ከእሷ ስለተወሰደው ገቢ የሚጻፍ ዓምድ ግን የለም።

ሌሎቹን የአካባቢውን ሙያዎች ስናይ ይኸው መስመር በየቦታው ይገኛል። ላሟ የባል፣ ቅቤው የሚስት ነው የሚባለው አነጋገር በብዙው የኢትዮጵያ ገጠር የታወቀ ሥርዓት ነው። በወላይታም ለጊፋታ በዓል ወንዶች ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። ዝንጅብል ግን ሌላ ነው። በ2004 ዓ.ም. የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የደቡቡን ዝንጅብል ክፉኛ እስኪጎዳ ድረስ ከወላይታና ከከምባታ ወደ መሀል አገር በጭነት መኪና የሚሄድ ትልቅ የገንዘብ ምርት ነበር፤ ሴቶች ያጥባሉ፣ ይልጣሉ፣ ያደርቃሉ፣ በጅምላ ሸጦ ብሩን የሚቀበለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ አባወራ ነው። ምርቱ ትንሽ እያለ የሴት፣ ሲያድግ የወንድ ይሆናል። የሸክላ ሥራም ሌላ ትምህርት አለው። በወላይታ ሸክላ የሚሠሩት ጭናሻ የሚባሉት ወገኖች ሲሆኑ ባለሙያዎቹ ሴቶች ናቸው። ጀበናውን፣ ምጣዱንና ድስቱን ያለ ማሽን በእጃቸው ያወጡታል፤ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል፣ ማንም ሊቀማቸው አይችልም። ይህ ሁሉ እያለ ድህነት አልለቀቃቸውም። ምክንያቱ ኅብረተሰቡ ለዘመናት አርቆአቸው የመሬት ባለቤት እንዳይሆኑ በማድረጉ፣ ጭቃ የሚያወጡበት ቦታ እንኳ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል መኖሩ ነው። ሙያ በእጅ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ከእነሱ በላይ የሚያስተምር የለም። ጀበናቸውን በየቤታችን ቡና አፍልተንበት ሠሪዎቹን ማራቃችን ደግሞ ይቅር የማይባል ነውር ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንሂድ፤ ስለ ሴቶች ሥራ በሚነሳ ክርክር ከሁሉ የሚጠቀሰው እሱ ነውና። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሠራተኛ እንደሚይዝ ታስቦ ነበር። ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌሎች አካባቢዎች ወጣት ሴቶች እየተመለመሉ ገቡ፤ ከሠራተኛው አብዛኛው ሴት ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 25 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። በቁጥር ብቻ ከመዘንነው በአገሪቱ ታሪክ ለወጣት ሴቶች እንዲህ ያለ ቅጥር አልታየም። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር አካባቢ ነበር። ከባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ ከኬንያ 207 ዶላር ጋር ሲነጻጸር በልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ከታወቁት ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በዚህ ገንዘብ በሀዋሳ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለቤተሰብ መላክ አይቻልም ነበር። ልጃገረዶቹ በአንዲት ክፍል ተጨናንቀው አደሩ፤ ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ መጡበት ተመለሱ። የፓርኩ ፋብሪካዎች በአማካይ በዓመት ውስጥ የሠራተኛቸውን ያህል ሰው ሲለቅባቸውና እንደገና ሲቀጥሩ እንደነበር ያው ጥናት መዝግቧል። እንግዲህ አንዲት መቀመጫ ላይ በዓመት ሁለት ልጃገረድ ብትቀመጥ ሪፖርቱ ሁለት የሥራ ዕድል ሊል ይችላል፤ ከሁለቱ አንዷም ኑሮዋ አልተለወጠም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታግድ፣ ከፓርኩ ዋና ዋና ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ወጣ። ልጃገረዶቹን ለእግዱ ምክንያት ስለሆነው ስለ ሰሜኑ ጦርነትም ስለ ዲፕሎማሲውም የጠየቃቸው አልነበረም፤ ሥራቸው ግን በዚያ ምክንያት ተናጋ።

«ሁሉም አገር እንዲህ ነው የጀመረው፤ ከምንም ይሻላል» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ በክብር ሊመለስ ይገባዋል። ባንግላዴሽ የልብስ ስፌትን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሏት፣ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። ፋብሪካ ባለበት አቅራቢያ ያደጉ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ይበልጥ እንደሚቆዩ፣ ዘግይተው እንደሚያገቡና ዘግይተው እንደሚወልዱ ጥናት አረጋግጧል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለወላይታ ልጃገረድም የራሷን ደመወዝ ይዛ ከቤት መውጣቷ በብር የማይለካ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ባንግላዴሽ እዚህ የደረሰችው ደመወዙን ለገበያ ትታ አይደለም። በዘርፉ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ አላት። እ.ኤ.አ. በ2013 ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ ሠራተኞች በአደባባይ ጮኸው ዝቅተኛው ደመወዝ በ77 በመቶ ከፍ ብሏል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ለግል ዘርፍ ሠራተኛ የሚሠራ ወለል ግን ከድንጋጌው ጋር አብሮ አልመጣም። «ከምንም ይሻላል» የሚለውን ንግግር የኢትዮጵያ ማስረጃ ራሱ ይፈትነዋል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በዕጣ ከፋፈሉ፤ አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራውን አገኘ፣ ሌላው 300 ዶላር ገደማ ከአጭር ሥልጠና ጋር ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ዓመት በኋላ የፋብሪካው ቡድን ገቢ ምንም ካላገኘው አልበለጠም፤ ይልቁንም የጤና ጉዳት ታየበት። ከተቀጠሩት 77 በመቶው ዓመቱ ሳይሞላ ለቅቀዋል። ገንዘቡን ይዘው የራሳቸውን ሥራ የጀመሩት ገቢያቸው በሲሶ አደገ። እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያሻል፤ ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ የሦስቱ ቡድኖች ገቢ ተቀራርቦ አገኙት። አንዴ የተሰጠ ገንዘብም ቢሆን ጸንቶ የሚቆይ ንብረትና ገበያ ካልያዘ ይቀልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ክርክሩ ፋብሪካ ወይስ ጉልት የሚል ምርጫ ሊሆን አይገባውም፤ በሁለቱም ዘንድ ለሴቷ የሚቆይላት ነገር ምንድን ነው ብሎ ማየት ነው።

አንድ ዘርፍ ይህን ጥያቄ ከመነሻው መልሶታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር መንግሥት ሥራው ለሴቶች እንዲሆን ወሰነ፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ፣ የወር ደመወዝም ተቆረጠላቸው። ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች እንዲህ ተቀጠሩ፤ በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ የመጣውን ለውጥ ያለ እነሱ ማሰብ አይቻልም። የልጅቷ ሰፈር፣ የራሷ ደመወዝ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የጡረታ መብት፤ ይህን ሁሉ ውሳኔ አስገኘው እንጂ ገበያ በራሱ ጊዜ አላመጣውም። በዚያው ሰፈር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሴቶች ልማት ሠራዊት በሚል ሌሎች ሴቶች፣ አንድ ለአምስት ተደራጅተው፣ ለዚያው የጤና ሥራ ያለ ምንም ክፍያ ተሰለፉ። ቤት ለቤት የሚሄዱት፣ እናቶችን የሚቀሰቅሱት፣ በስብሰባ የሚውሉት እነሱ ነበሩ። የበጎ ፈቃድን ክብር ማንም አይክድም። ነገር ግን ያለ ክፍያ እንዲሠራ የሚጠየቀው ሁልጊዜ የሴቷ ጊዜ ከሆነ፣ ጊዜዋ ዋጋ የለውም የሚለውን እምነት መንግሥት ራሱ እያጸናው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት ክላውዲያ ጎልዲን የአሜሪካን የ200 ዓመት ታሪክ መርምረው ያሳዩት ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል። ኢኮኖሚ ከእርሻ ወደ ፋብሪካ ሲሻገር የሴቶች የሥራ ተሳትፎ መጀመሪያ ይወርዳል፤ እንደገና የሚነሳው የተማሩ ሴቶች የሚገቡባቸው የቢሮና የአገልግሎት ሥራዎች ሲስፋፉ ነው። ወላይታ አሁን በቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ናት። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሴት ልጆችን ያስመርቃል፤ ሶዶም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቢሮዎች በዝተውባታል። ሆኖም በየጽሕፈት ቤቱ ሴቷን የምናገኛት ይበልጡን ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መዝገብ ቤትና ጽዳት ሆና ነው። በሕግ በኩል ብዙ ተሠርቷል። የወሊድ ፈቃዱ በግልም በመንግሥትም መሥሪያ ቤት 120 ቀን ሆኗል፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። 120 ቀን ካለፈ በኋላ ሕፃኑን የሚይዘው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ሌላ ልጃገረድ ናት። እሷ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የማይጠብቃት የቤት ሠራተኛ ናት፤ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ አዋጁ ለሌላ ደንብ ትቶታል። የአንዷ ሴት የቢሮ ሥራ በሌላዋ መብት አልባ ሥራ ላይ ቆሟል።

ከወላይታ ወደ ዓረብ አገር የሚደረገውን ጉዞ እንደ ተለየ ክፋት ሳይሆን ከዚሁ ሒሳብ ጋር አያይዞ ማየት ይገባል። ልጃገረዶቹ ሞኞች ሆነው አይደለም የሚሄዱት። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ጉዞውን አገደ፤ በዚያው ዓመት ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባረው ሲመለሱ አገር ሁሉ አለቀሰ። እገዳው ግን ጉዞውን አላስቆመውም፤ ወደ ደላላ እጅና ወደ በረሃ መንገድ ገፋው እንጂ። በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ ተፈቀደ። በሀዋሳ ከ750 ብር ምንም ያልተረፋት ልጅ፣ መከራውንም እያወቀች፣ ለእናቷ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ የሚያስገኘውን ሥራ ብትመርጥ እንዴት ይፈረድባታል? ከሰው ቤት ሥራ ይልቅ የፋብሪካ ሥራ የተከበረ ነው ብሎ መምከር ይቻላል። ምክሩ የሚሰማው ግን የተከበረው ሥራ ሲያኖር ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ በአብዛኛው በጨዋ አነጋገር የሚቀርብ፦ «ባልና ሚስት አንድ ናቸው፤ ገንዘቡ በማን እጅ ቢገባ ምን ልዩነት አለው? ቤቱ ይኸው አንድ ቤት ነው።» ብዙ ቤት በመተሳሰብ ስለሚኖር በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ገቢው በእናት እጅ ሲሆን ወደ ልጆች ምግብ፣ ልብስና ትምህርት የሚሄደው ድርሻ እንደሚጨምር ደጋግመው አሳይተዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ቤቱ አንድ ሆኖ የማይቀርበት ቀን ነው፤ ፍቺ፣ ሞት፣ ሁለተኛ ሚስት። ያን ቀን በስሟ ምንም የሌላት ሴት ሃያ ዓመት የለፋችበትን ትታ ትወጣለች። በደቡብ የገጠር መሬት ማረጋገጫ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም በአንድነት መያዝ ሲጀምር ሴቶች በመሬት ክርክር የመደመጥ ዕድላቸው ጨምሯል። አንድ ደብተር ላይ የተጻፈ ስም ብዙ ስብሰባ ያላመጣውን አምጥቷል።

መደረግ ያለበትም ከዚያ ደብተር ጋር የሚመሳሰል ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሴትን ከአባልነት አይከለክልም፤ በተግባር ግን የሚመዘገበው አባወራው ሲሆን፣ ትርፍ ሲከፋፈል የሚጠራውም የእሱ ስም ነው። በአረካ ዙሪያ የእንሰት መፋቂያ ማሽን የሚቀርብላቸው ማኅበራት አባላቱ የሚፍቁት ሴቶች ራሳቸው እንዲሆኑ፣ ማሽኑም በማኅበሩ ስም እንዲመዘገብና ለግለሰብ እንዳይሸጥ በመተዳደሪያ ደንባቸው መጻፍ ይቻላል። ኦሞ ባንክ ማይክሮ ፋይናንስ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ሴቶችን በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል፤ ብድሩ ግን ለጉልትና ለዶሮ የሚበቃ እንጂ ማሽን የሚገዛ አልነበረም። የቆጮና የቡላ ገበያ እስከ አዲስ አበባ የክትፎ ቤቶች እንደሚደርስ እየታወቀ፣ የሴት ብድር በዶሮ ልክ የሚወሰንበት ምክንያት የለም። ለጭናሻ ሴቶች ጭቃ የሚያወጡበትን ቦታ በስማቸው መስጠት ከአንድ ቀበሌ አስተዳደር ሥልጣን በላይ አይደለም። ፋብሪካው ከሀዋሳ አልፎ ወደ ሶዶና ወደ አረካ ሲመጣም፣ ደመወዙ የቤት ኪራይና የምግብ ዋጋ ተሰልቶበት፣ ማደሪያና የሕፃናት ማቆያ ተዘጋጅቶለት ሊሆን ይገባል። የወረዳው የሩብ ዓመት ሪፖርት ደግሞ ከ«የተቀጠሩ ሴቶች ብዛት» ቀጥሎ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩበት፤ ከዓመት በኋላ ሥራው ላይ ያሉት ስንት ናቸው፣ በወር በእጃቸው የሚገባው ስንት ብር ነው፣ መሣሪያው ወይም መሬቱ በስማቸው የተመዘገበላቸውስ ስንቶቹ ናቸው። ሦስቱንም ለመሙላት አዲስ ተቋም አያስፈልግም፤ የሥራና ክህሎት ባለሙያዋ፣ የኅብረት ሥራ ባለሙያውና የመሬት አስተዳደር ባለሙያው በአንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠሩት።